ስንት ኢንች ይበቃል? ቻርትፕሎተር በትንሽ የዓሣ ጀልባ ላይ

የአሜሪካን የባሕር ካርታ የሚያዘጋጀው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኖኣ የወረቀት ካርታውን ቀስ በቀስ እንደሚያቆም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነበር። በ2025 መጀመሪያ ላይ ነገሩ አበቃ። ዛሬ መሥሪያ ቤቱ የሚያድሰው ኤሌክትሮኒክ ካርታውን ነው፤ ወረቀት የሚፈልግም ከዚያው ላይ ያትማል። ስለዚህ በ20 ጫማ ጀልባ ቼሳፒክ ሰላጤ ላይ ሮክፊሽ ሊያጠምድ የሚወጣ ሰው ካርታውን የሚያየው መሪው ፊት በተተከለ ስክሪን ላይ ነው። መሣሪያው ቻርትፕሎተር ይባላል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው ሐበሻ ቼሳፒክ ሩቅ አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ አናፖሊስ ለመድረስ መንገዱ ካልተዘጋ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ያገለገለ ትንሽ ጀልባ ገዝቶ ወደ ዕቃ መሸጫ ጎራ የሚል ሰው ቶሎ የሚቀርብለት ጥያቄ ግን “ስንት ኢንች ይሁንልህ?” የሚል ነው። ጥያቄው ደግ ነው፤ ጊዜው ነው ያልደረሰ። መልሱን ለማወቅ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይቀድማል።

ማሽኑ በአንድ ሳጥን የታጨቁ ሦስት ነገሮች ነው። አንዱ ያለንበትን ቦታ ከሳተላይት ምልክት የሚያሰላው ጂፒኤስ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ስለነበር፣ እስከ ሜይ 2000 ድረስ ስሕተቱ 100 ሜትር ሊደርስ ይችል ነበር። ማዛባቱ ሲቀር ስሕተቱ ወደ ጥቂት ሜትሮች ወረደ። ለዓሣ አጥማጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለፈው ሳምንት ዓሣ የሰጠ የኦይስተር ክምር በ100 ሜትር ከተሳተ ተሳተ ነው። ሁለተኛው ካርታው ራሱ ነው፦ ጥልቀቱ፣ የመርከብ መተላለፊያው፣ ተንሳፋፊ ምልክቶቹ፣ የሰመጡት መርከቦች። ሦስተኛው ሶናሩ ነው። ትራንስዱሰር የሚባለው ዕቃ ከጀልባው ሥር ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ተጉዞ ከወለሉ ወይም ከዓሣው ገላ ተላትሞ ሲመለስ ማሽኑ ጊዜውን ለክቶ ይስለዋል። የጃፓኑ ፉሩኖ ይህን መሣሪያ ለአጥማጆች ገበያ ያቀረበው በ1948 ነው። በአሜሪካ ደግሞ ሎውራንስ በ1959 ለትንንሽ ጀልባ የሚሆን አረንጓዴ ሳጥን አወጣ።

የስክሪን ስፋት ዋጋ ያለው በካርታው ጠባይ ምክንያት ነው። የዛሬው ኤሌክትሮኒክ ካርታ ፎቶ አይደለም፤ ነጥብ፣ መስመርና ቁጥር የተከማቸበት መዝገብ ነው። ማሽኑ ከዚያ ውስጥ ለስክሪኑ የሚመጥነውን መርጦ ይስላል። ሰፊ አካባቢ ለማየት ካርታውን ባራቅነው ቁጥር፣ ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ሲል ዝርዝሩን ይደብቃል። መጀመሪያ የጥልቀት ቁጥሮቹ ይሳሳሉ፣ ቀጥሎ ትንንሾቹ ምልክቶች ይሄዳሉ፤ አንዳንዴም ድንጋዩ ራሱ ይጠፋል። በኖቬምበር 2014 ዓለምን በሸራ በሚዞረው ውድድር ላይ የነበረው የቬስታስ ቡድን ጀልባ፣ ከሞሪሸስ በስተሰሜን ምሥራቅ ካለው የካርጋዶስ ካራሆስ ሪፍ (ከውሃው ወለል ብዙም የማይርቅ የድንጋይ ክምር) ላይ በሌሊት ወጣ። ጀልባው ዘመኑ ያፈራውን መሣሪያ ሁሉ የታጠቀ ነበር፤ የተሳፈሩትም ባሕር የሚያውቁ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ሪፉ ካርታው ውስጥ አለ። ካርታው በበቂ ቀርቦ ስላልታየ ግን አደጋው ስክሪኑ ላይ አልታያቸውም። ደግነቱ ሁሉም በሕይወት ተረፉ።

ቼሳፒክ እንዲህ ያለ የውቅያኖስ ሪፍ የለበትም፤ ችግሩ ሌላ ነው፤ ውሃው ጥልቀት የለውም። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ሰላጤ ከገባር ወንዞቹ ጋር አማካይ ጥልቀቱ 21 ጫማ ማለትም 6.5 ሜትር አይሞላም። ቁመቱ ስድስት ጫማ የሆነ ሰው ከ700,000 ኤከር በላይ በሚሆነው ክፍሉ ላይ ሳይሰጥም በእግሩ ሊሄድበት ይችላል ይባልለታል። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ በአምስትና በሁለት ጫማ መካከል ያለው ልዩነት የሞተር ጉዳይ ነው። የካርታው ቁጥር ደግሞ የተለካው ውሃው በተለምዶ ዝቅ ከሚልበት ደረጃ ነው እንጂ ከዚያ በታች አይወርድም ማለት አይደለም። በክረምት ከሰሜን ምዕራብ ለአንድ ሁለት ቀን የነፈሰ ኃይለኛ ነፋስ ውሃውን ወደ ውቅያኖሱ ገፍቶ ካርታው ከሚለው በታች ያወርደዋል። አጥማጁ እንግዲህ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋል፦ ከፊቱ ያለውን ደለል በቅርበት፣ የሚሄድበትን ሰፊ መንገድ በርቀት። ዓሣውን ካከልንበት ሦስት ይሆናል።

አሁን ወደ ኢንቹ እንመለስ። ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ ስለሆነ ቁጥሩ ያታልላል። የተለመደውን ሰፊ ቅርጽ ይዘን ብናሰላ፣ 5 ኢንች ስክሪን 69 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 7 ኢንች 135፣ 9 ኢንች 223፣ 12 ኢንች 397። ከ7 ወደ 9 መሄድ ሁለት ኢንች መጨመር ይመስላል፤ በተግባር የሚታየው ቦታ ከግማሽ በላይ ያድጋል። ብዙ ሰው ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ግራውን ለካርታ፣ ቀኙን ለሶናር ያደርገዋል። 7 ኢንቹ ሲከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ስፋት 8 ሴንቲሜትር አይሞላም፤ 9 ኢንቹ ግን 10 ሴንቲሜትር ያህል ይሰጣል። ይህ ልዩነት በሱቅ መብራት ሥር አይታወቅም። ጀልባው ሲዘል፣ ዐይን ከስክሪኑ አንድ ክንድ ተኩል ርቆ ሲቆም፣ የማንበቢያ መነጽርም ኪስ ውስጥ ሲቀር ይታወቃል። ዕድሜያችን ከአርባ አምስት ላለፈ ሰዎች ይህ ክርክር እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ለምን 12 አይሆንም? ኪስ ከፈቀደ ማን ይጠላል። ነገር ግን የ20 ጫማ ጀልባ መሪ ቦታ ጠባብ ነው። ስክሪኑ በማቆሚያ ብረት ላይ ከፍ ብሎ ሲቆም፣ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው የጀልባው አፍንጫና ከፊቱ ያለው ውሃ ይጋረድበታል። ቼሳፒክ ላይ በበጋ ውሃው በሸርጣን ማጥመጃ ተንሳፋፊዎች የተሞላ ነው፤ እነሱን ምንም ካርታ አያሳይም። ገመዳቸው ፕሮፔለር ላይ እንዳይጠመጠም የሚያድነው ከስክሪኑ በላይ ያየ ዐይን ብቻ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በአምራቹ ልክ ካርቶን ቆርጦ መሪው ላይ ለጥፎ፣ ቆሞም ተቀምጦም ማየት ያስፈልጋል። የሚቆረጠው በስክሪኑ ልክ ሳይሆን በሣጥኑ ልክ ነው፤ ሣጥኑ ሁልጊዜ ከስክሪኑ ይሰፋል፣ ከኋላውም ለገመዶቹ ክፍት ቦታ ይሻል። ማግኔታዊው ኮምፓስ ከጎኑ ካለ ማሽኑ በርቶ ሳለ መርፌው መዞር አለመዞሩን መፈተሽም አይከፋም። ማሽን ሲጠፋ የሚቀረው ኮምፓሱ ነው።

ከስፋቱ እኩል የሚከብደው ብርሃኑ ነው። ስክሪን የሚያበራበት ኃይል በኒት ይለካል፤ ጣሪያ በሌለው ጀልባ ላይ 1,000 ኒት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ እኩለ ቀን ላይ መስተዋት ከማየት አይሻልም። ፖላራይዝድ መነጽር አድርጎ መፈተሽ የሚረሳ ብዙ ነው፤ አንዳንድ ስክሪን በመነጽሩ ውስጥ በአንድ በኩል ሲታይ ጥቁር ይሆናል። ስለ ንክኪ ሲጠየቅ ሻጭ ሁሉ ያመሰግነዋል። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ልክ ነው። ማዕበል ሲነሳ፣ ጣት በዓሣ ልጋግ ሲርስ፣ የውሃ ፍንጣቂ ራሱ ስክሪኑን መጫን ሲጀምር ግን አዝራር ያለው ማሽን የት ሄደ ያሰኛል። እንደኔ፣ ሁለቱንም የያዘ ይመረጣል፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ አዝራሩን እመርጣለሁ።

ገንዘቡ የሚባክነው ግን ስክሪኑ ላይ አይደለም፤ ትራንስዱሰሩ ላይ ሳይወጣ ሲቀር ነው። ርካሽ ትራንስዱሰር የተገጠመለት 12 ኢንች ስክሪን መጥፎውን ምስል አጉልቶ ከማሳየት በቀር የሚጨምረው የለም። ዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ ለምሳሌ 50 ኪሎኸርዝ፣ ጥልቅ ውሃ ይደርሳል፤ ዝርዝሩ ግን የደበዘዘ ነው። 200 ኪሎኸርዝ ጥልቀት ባይወርድም ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። ለቼሳፒክ የሚበጀው ይኸኛው ወገን ነው። ቸርፕ የሚባለው አሠራር ደግሞ አንድ ድምፅ ብቻ በመላክ ፈንታ በተከታታይ የድምፅ ከፍታዎች ስለሚልክ አጠገብ ላጠገብ ያሉ ዓሦችን ለይቶ ያሳያል። አገጣጠሙም ከዕቃው አያንስም። ትራንስዱሰሩ ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ ሲታሰር ከፕሮፔለሩ 40 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ፣ የውሃ አረፋ በማይደርስበት ቦታ መሆን አለበት፤ አየር ለሶናር ግድግዳ ነው። በፍጥነት ሲነዱ ጥልቀቱ ስክሪኑ ላይ የሚጠፋባቸው ሰዎች ማሽኑን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአረፋው ነው።

ሌላው ጥፋት የቅንብሩ ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደተባለው፣ የሶናሩን የመስማት ኃይል መጨረሻ ድረስ ከፍ ያደረገ ሰው ስክሪኑ በነጠብጣብ ይሞላበታል፤ ግማሹ ዓሣ ሳይሆን የራሱ ሞተር ጩኸት ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ራሱ እንዲያስተካክል ትቶ አንድ በአንድ መንካት ይሻላል። ኤሌክትሪኩን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ለማሽኑ የራሱ ፊውዝና ለመስመሩ የሚበቃ ወፍራም ገመድ ከባትሪው ይሳብለት። ሞተር ሲነሳ ቮልቴጁ ወርዶ ማሽኑ እንደገና የሚጀምርባቸው ጀልባዎች ሞልተዋል።

ካርታውም ዕድሜ አለው። በባልቲሞር የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ እ.ኤ.አ. በማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ወደቀ፤ ካርታውን ከዚያ በፊት ጭኖ ያላደሰ ማሽን ዛሬም ድልድዩን ቆሞ ያሳያል። የካርታው ዓይነትም እንደ ማሽኑ አምራች ይለያያል፦ ናቪዮኒክስ የተባለውን የካርታ አምራች በ2017 የገዛው ጋርሚን ነው፤ ሎውራንስ ሲ-ማፕ የተባለውን ካርታ ያስቀድማል፤ ሐሚንበርድም የራሱ አለው። የአንዱ ካርድ በሌላው ላይ ይሠራል ብሎ መገመት አያዋጣም፤ ካርዱና ማሽኑ መስማማታቸው ከክፍያ በፊት ይጠየቅ። ሦስቱም ኩባንያዎች ጀልባው በሄደበት መንገድ ጥልቀቱን እየመዘገበ የራስን ካርታ የሚሠራ ፕሮግራም አላቸው፤ ክዊክድሮው፣ ጄነሲስና አውቶቻርት ይባላሉ። ለቼሳፒክ አጥማጅ ይህ ትርፍ ነው። ዝርዝር የጥልቀት ካርታ ሳያገኝ ጣናን ወይም ሐዋሳን በሞተር ጀልባ የሚያቋርጥ ሰው ግን ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ፍርዴን ልስጥ። ከ18 እስከ 22 ጫማ ለሆነ፣ አንድ ሰው ለሚነዳው፣ ስክሪኑን ለካርታና ለሶናር ለሚከፍል ጀልባ 9 ኢንች። ለካያክ ወይም ጥልቀት ብቻ ማየት ለሚፈልግ 5 ይበቃዋል። ገንዘቡ 9 ኢንች ከደካማ ትራንስዱሰር ጋር፣ ወይም 7 ኢንች ከጥሩ ትራንስዱሰር ጋር ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ ሳይጠራጠሩ ሁለተኛው። 12 ኢንች የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ በዚያው ሁለት 7 ኢንች ማግኘት ይችል እንደሆነ ያስላ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያደርሰዋል።

በምጽዋ፣ በጅቡቲ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ባሕር ላይ የሠራ ሰው አሜሪካ ሲመጣ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። በዚያ በኩል ወደ ወደብ ሲገቡ ቀዩ ተንሳፋፊ ምልክት በግራ ይታለፋል፤ እዚህ ግን በቀኝ ነው። ማሽኑ ቀለሙን ያሳያል እንጂ በየት በኩል እንደሚታለፍ አይናገርም። በሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው የተመዘገበ ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ወስዶ የምስክር ወረቀት መያዝ በሕግ ይገደዳል፤ ትምህርቱ በኢንተርኔትም ይሰጣል። ስክሪኑን ከማዘዝዎ በፊት ይውሰዱት።