ከአይሮፕላን ማረፊያ አዕዋፍን ስለ ማራቅ

ወፍ ትንሽ ፍጥረት ናት፤ ነገር ግን በአይሮፕላን ሞተር ውስጥ የገባች እንደ ሆነ ጉዳትዋ ብዙ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ለመሄድ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አይሮፕላን ከምድር ሲለቅ የዱር ርግቦች መንጋ በሁለቱ ሞተሮች ገባበት። ወደ ማረፊያው ሊመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ኃይላቸውን ስላጡ በሜዳ ላይ ወድቆ ተቃጠለ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

ወፍ ያለ ምክንያት በአንድ ስፍራ አትሰበሰብም። ርግብ የወደቀ እህል ትፈልጋለች፤ ጥንብ አንሣ የቄራ ትራፊ ይከተላል፤ የውሃ ወፍም ረግረግ ትወዳለች። በተኩስ ድምፅ ብቻ የተባረረች ወፍ ሲሳይዋ እስካለ ድረስ ተመልሳ ትመጣለች። ከአጥሩ ውስጥ ያለው ሥራ የማረፊያው ሠራተኞች ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ግን የወረዳው ሹምና የባለይዞታው ነው።

ስለዚህ ባለይዞታው አውድማውን ከመንደርደሪያው ያርቅ፤ ከብቱንም በእረኛ ያስጠብቅ። የወረዳውም ሹም ለቄራና ለቆሻሻ መጣያ ስፍራ ሲመርጥ አስቀድሞ ከማረፊያው ኃላፊ ጋር ይማከር፤ የተኛውንም ውሃ በቦይ ያስወርድ። አውድማን ማራቅ ጥቂት ድካም ነው፤ የሚጠበቅበት ግን የብዙ ሰው ነፍስ ነው።