ስለ ብላክፑል ከተማና ስለ ባሕር ጠባቂዎች

በእንግሊዝ አገር ከባሕር ከ120 ኪሎሜትር የበለጠ የሚርቅ ስፍራ የለም። ስለዚህ የዚያ አገር ሰዎች ከሥራ ሊያርፉ ሲወዱ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳር ይወርዳሉ። ለዚህ ነገር ከታወቁት ከተሞች አንዲቱ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለችው ብላክፑል ናት። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ብላክፑል ቀድሞ ትንሽ መንደር ነበረች፤ በ1846 ምድር ባቡር በደረሰላት ጊዜ ግን ፈጥና አደገች። በባቡሩ የሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ባለጠጎች አልነበሩም፤ በላንካሸር አውራጃ ጥጥ የሚፈትሉና ሸማ የሚሠሩ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ እንጂ። በአውሮፓ በጋ፥ ማለት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ወራት፥ የየከተማው ፋብሪካዎች ተራ በተራ ለአንድ ሳምንት ይዘጉ ነበር። በዚያ ሳምንት ብዙዎቹ ደመወዝ አያገኙም ነበርና ዓመቱን ሙሉ ከሚያገኙት ላይ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ በማኅበር ያጠራቅሙ ነበር። ደመወዝ የማይቀርበት ዕረፍት እንዲሰጥ የሚናገር ሕግ የወጣው በ1938 ነው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ የአንድ ሳምንት ደስታቸው በአምሳ ሳምንት ቍጠባ የተገዛ ነበር።

ወደ ከተማይቱ የሚቀርብ ቤተ ሰብ አስቀድሞ ከሩቅ የሚያየው ታላቁን የብረት ግንብ ነው። ይህ ግንብ በፓሪስ ያለውን የኤፌልን ግንብ ምሳሌ አድርጎ ተሠርቶ በ1894 ተከፈተ፤ ቁመቱም 158 ሜትር ነው። ከእግሮቹ መካከል የሰርከስ ቤት አለ፤ የትርኢቱም ፍጻሜ ሲደርስ የመጫወቻው ወለል ዝቅ ይልና ውሃ ይሞላበታል። ዳግመኛም በባሕሩ ላይ ሦስት ድልድዮች ተዘርግተዋል፤ የመጀመሪያው በ1863 ተከፈተ። እነዚህ ሰውን ወደ ማዶ አያሻግሩም፤ በብረት ምሰሶ ተደግፈው ወደ ባሕሩ ዘልቀው ያበቃሉ። በላያቸው የሚሄድ ሰው እግሩ ሳይረጥብ ከማዕበሉ በላይ ይቆማል። በባሕሩ ዳር ባለው መንገድ በ1885 ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ትራምዋይ እስከ ዛሬ ሰው ያመላልሳል። በመከር ወራትም መንገዱ ብዙ ኪሎሜትር ያህል በመብራት ያጌጣል።

ለልጆች ግን ዋጋ የማይከፈልበት አሸዋ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ልጆቹ በአሸዋው ቤትና ቅጥር ይሠራሉ፤ ባሕሩም መጥቶ ያፈርሰዋል። ጨረቃና ፀሐይ የባሕሩን ውሃ ስለሚስቡት በየቀኑ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ወደ ምድር ይወጣል፥ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። በአሸዋው ላይ ሕፃናትን በጀርባቸው የሚያንሸራሽሩ አህዮች አሉ። የከተማው ደንብ የሥራ ሰዓታቸውን ወስኖ ዓርብ ቀን እንዲያርፉ ያዝዛል። ለራሱ ዕረፍት የሚወድ ሰው ለሚሠራለት እንስሳም ማሰብ ይገባዋልና ደንቡ መልካም ነው።

ነገር ግን በቀን ልጆችን የሚያጫውተው ባሕር በሌሊት ሰው ያጠፋል። በታኅሣሥ 9 ቀን 1886 ሜክሲኮ የተባለች የጀርመን መርከብ በዐውሎ ነፋስ ተገፍታ ከብላክፑል በስተ ደቡብ ባለው የአሸዋ ደለል ላይ ተቀረቀረች። በውስጧ 12 ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዳርቻ ካሉት ከሊታም፥ ከሴንት አንስና ከሳውዝፖርት ሦስት የነፍስ አዳኝ ጀልባዎች ወጡ። በዚያ ዘመን ጀልባዎቹ ሞተር አልነበራቸውም፤ በመቅዘፊያና በሸራ ይሄዱ ነበር። የሊታም ጀልባ 12ቱን ሰዎች ሁሉ አዳነች። ከሴንት አንስ የወጡት 13 ሰዎች ግን አንድ እንኳ ሳይቀር ጠፉ፤ ከሳውዝፖርት ከወጡት ከ16ቱም 14ቱ ሞቱ። እንዲህ የማያውቋቸውን ሰዎች ሊያድኑ የወጡ 27 ሰዎች በአንድ ሌሊት አለቁ፤ ብዙ ሚስቶችም መበለት፥ ብዙ ልጆችም የሙት ልጅ ሆነው ቀሩ።

በ1824 የተመሠረተው የነፍስ አዳኝ ጀልባዎች ማኅበር እስከዚያ ጊዜ አብዛኛውን ገንዘቡን የሚያገኘው ከጥቂት ባለጠጎች ነበር። በሴንት አንስ የሚኖር ቻርልስ ማካራ የተባለ የጥጥ ነጋዴ ይህን አይቶ፥ ሕዝቡ ሁሉ እንዲረዳ አሰበ። በ1891 በማንቸስተር ከተማ ጀልባዎቹ በጎዳና ላይ ተጎተቱ፤ ሰውም ሁሉ እንደ ዐቅሙ ሳንቲሙን ሰጠ። ሴቶችም ከፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች እንዲሰጡ ከረጢት በረጅም ዘንግ ጫፍ አስረው ወደ መስኮቱ ያቀርቡ ነበር። በዚያ ቀን ከ5,000 ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። ለበጎ ሥራ በጎዳና ላይ ገንዘብ መሰብሰብም በእንግሊዝ አገር በዚህ ተጀመረ ይባላል።

ዛሬ በሴንት አንስ ባሕር ዳር የአንድ ጀልበኛ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል፤ ልጆች በአጠገቡ አልፈው ወደ አሸዋው ይሮጣሉ። በባሕሩ ዳር የሚጠብቁት ጀልበኞች ዛሬም አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። እንግዲህ ዕረፍት መልካም ነው፤ በላብ የተገኘ ሲሆን ደግሞ ይጣፍጣል። ነገር ግን በሰላም የሚጫወት ሁሉ ሌላው ሰው ስለ እርሱ እንደሚተጋ ሊያስብ፥ ከእጁም ካለው ጥቂቱን ለእነዚያ ሊያካፍል ይገባዋል።