ሕዋስን በመስታወት መንካት

እስቲ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ የአፍንጫችሁን ጫፍ ንኩ። አትስቱትም። ጣት ዓይን የለውም፤ ታዲያ ማን መራው? የዚህ ጥያቄ መልስ የተፈለገው ጣትም አፍንጫም በሌለው፣ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በሚራባ የአይጥ ሕዋስ ነበር።

ሕዋስ ሲነካ ይሰማዋል ወይ ብሎ መጠየቅ የዋህነት ይመስላል። አፍ የለው፣ አይጮህ። ሽፋኑ ላይ ግን በሮች አሉት፤ በር ሲከፈት ኤሌክትሪክ የተሸከሙ የሶዲየምና የካልሲየም ቅንጣቶች ወደ ውስጥ ይጎርፋሉ። ስለዚህ ጠያቂው መንካትና ፍሰቱን መለካት ከቻለ ይበቃዋል።

ሁለቱም በመስታወት ይሠራሉ። ቀጭን የመስታወት ቱቦ በጋለ ሽቦ መካከል ሲለሰልስ ከሁለት ወገን ይጎተታል፤ እንደ ማር ይለጠጥና ይበጠሳል። የሚቀረው ጫፍ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ የራስ ፀጉር ከሃምሳ እጥፍ በላይ ይወፍረዋል። ተመራማሪው ጨዋማ ፈሳሽ ሞልቶበት፣ የብር ሽቦ ከትቶበት፣ በማይክሮስኮፕ እያየ ሕዋሱ ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያ የሚያደርገው ሳይንስ አይመስልም፤ ከመስታወቱ ጋር የተያያዘች የፕላስቲክ ቱቦ አፉ ውስጥ አድርጎ በቀስታ ይስባል። የሕዋሱ ሽፋን መስታወቱ ላይ ልጥፍ ይላል። ትንሽ ጠንከር አድርጎ ሲስብ ሽፋኑ ይበሳና የሕዋሱ ሆድ ከሽቦው ጋር ይገናኛል። ካበዛው ሕዋሱ ይበላሻል፤ እንደገና ሌላ ፍለጋ ነው። ዘዴውን ጀርመናውያኑ ኤርቪን ኔርና በርት ሳክማን በ1970ዎቹ ፈጥረው በ1991 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)።

ሁለተኛው መስታወት ነኪው ነው። እንዲገፋ እንጂ እንዲወጋ ስለማይፈለግ ጫፉ በሙቀት ዱልዱም ተደርጓል። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በጥቂቱ የሚረዝም ፒዬዞኤሌክትሪክ ቁስ ወደ ታች ይነዳዋል፤ አንድ ማይክሮሜትር፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። የሆነ ቦታ ሲደርስ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ድንገት ወደ ታች ይወርድና ዓይን ሳይርገበገብ ይመለሳል። ይህ ነው የሕዋሱ መልስ፤ የሚቆጠረውም በፒኮአምፒር፣ ማለትም በአንድ አምፒር ትሪሊዮንኛ ነው።

በካሊፎርኒያው ስክሪፕስ የምርምር ተቋም፣ ቤይሩት ተወልዶ ያደገው አርመናዊ አርደም ፓታፑቲያን የሚመራው ቡድን ሕዋስ ሲነካ የሚከፈተውን በር የሚሠራውን ጂን ሊፈልግ 72 ተጠርጣሪዎችን መዘገበ። የቡድኑ ተመራማሪ ቤርትራን ኮስት በየተራ አንዱን ጂን ዝም ያሰኛል፣ ሕዋሱን ይነካል፣ መስመሩን ያያል። መስመሩ ከወረደ ተጠርጣሪው ነፃ ነው፤ ወደሚቀጥለው። እኔ ብሆን አርባኛው ላይ ዝርዝሩን ራሱን እጠራጠር ነበር። 72ኛው ላይ ሕዋሱ ተነካ፤ መልሱ ግን ጠፋ።

በ2010 ይፋ ሲያደርጉት ፒዬዞ 1 አሉት፤ በግሪክ መጫንን ከሚያመለክት ቃል ወስደው። መስታወቱን የሚነዳው ቁስም ስሙን ያገኘው ከዚያው ስለሆነ ነኪና ተነኪ ሞክሼ ሆኑ። በሩ ሦስት ክንፍ ያለው የአውሮፕላን ማራገቢያ ይመስላል፤ ሽፋኑን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አጉብጦት ይቀመጣል፣ ሽፋኑ ሲወጠር ደግሞ ይዘረጋና ይከፈታል። ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር ተጋርቷል።

ወንድሙ ፒዬዞ 2 የሚገኘው ከቆዳና ከጡንቻ ስሜት በሚያመጡ ነርቮች ላይ ነው። በ2016 አሜሪካ ውስጥ ይህ ጂን የማይሠራላቸው ሁለት ታካሚዎች ተመረመሩ። ሙቀትና ቅዝቃዜ ይለያሉ፤ የሚንቀጠቀጥ የድምፅ መቃኛ ሹካ ቆዳቸውን ሲነካ ግን መንቀጥቀጡ አይታወቃቸውም። እያዩ ይራመዳሉ፤ ዓይናቸው ሲሸፈን ይንገዳገዳሉ፣ የሚደግፋቸው ከሌለም ይወድቃሉ። ጣታቸውን ከአፍንጫቸው አንስተው ፊታቸው ያለውን ነገር እንዲነኩ ሲጠየቁ፣ ዓይናቸው ከተገለጠ ያገኙታል። ሲሸፈን ጣታቸው ሌላ ቦታ፣ አየር ላይ ይቀራል።