ስለ ነጭ ዓሣ መራቢያ ወራትና ስለ ወንዝ ዳር ዛፎች ጥቅም

በጣና ባሕር ከሚኖሩት የነጭ ዓሣ ወገኖች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ፤ ይኸውም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፤ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ። ከነዚህም ወንዞች አንዱ በጎጃም ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዐባይ ነው።

ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ባለበት፤ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ስፍራ ነው። በወንዝ ዳር ያለው ሾላና ዋንዛ ሲቆረጥ ግን ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ጠጠሩን ያለብሰዋል፤ እንቁላሉም ታፍኖ ይጠፋል።

ሁለተኛው ጉዳት ከአጠማመዱ የሚመጣ ነው። በወንዝ አፍ መረብ የሚዘረጋ፤ ወይም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውሃ ላይ የሚበትን ሰው፤ ለአንድ ቀን ብዙ ዓሣ ቢያገኝም፤ እናቲቱን ከነእንቁላልዋ፤ ትልቁንም ከትንሹ ሳይለይ ስለሚፈጅ፤ የዘር እህሉን እንደሚበላ ገበሬ ይሆናል። በጣና ደቡብ በኩል በተደረገው ምርመራ፤ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያዘው ነጭ ዓሣ በክብደት ከመቶ 75 ያህል እጅ ጐድሎ ተገኝቷል።

ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት ክረምቱ ሳይገባ ሕዝቡን ሰብስበው፤ በመራቢያው ወራት መረብ ከወንዝ አፍ እንዲነሣ፤ ብርብራ እንዳይበተን፤ የወንዝ ዳርም ዛፍ እንዳይቆረጥ፤ ምክንያቱን ጭምር ሊያስረዱት ይገባል።