ካራ ፍለጋ ወደ ቤተ ልሔም

ሰው የሚሰበስበው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ቴምብር ይለቅማል፤ ሌላው ማሪያ ቴሬዛ ብርና የምኒልክ መሐለቅ ያከማቻል። አንባቢያችን ቢፈቅድልን ዛሬ የምናወጋው ስለት ስለሚሰበስብ አንድ ወዳጃችን ነው። ይህ ወዳጃችን ከእኛ ጋር ተመርቆ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ የሆነ፣ ጠብ አጥብቆ የሚፈራ፣ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። ይሁን እንጂ በኪራይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰለፉትን ስለቶች ያየ እንግዳ ሁሉ ለመቀመጥ ያመነታል።

ከነዚህ መካከል ግራና ቀኙ የተሳለ የአፋር ጊሌ አለ። በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ ብረቱ ተሠርቶ እዚህ አገር አፎት የተሰፋለት ጎራዴም አለ፤ አባቶቻችን ይመኩበት ከነበረው ጎራዴ ብዙው ስለቱ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከፊንላንድ የመጣ ፑኮ የሚሉት ቢላም አለው። ይኸኛው ቁመቱ ከመዳፍ ስፋት እምብዛም የማያልፍ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ፣ እጀታው የእንጨት የሆነ ትሑት ዕቃ ነው። የፊንላንድ ሰው ዓሣም ይገፍበታል፣ እንጨትም ይቀርጽበታል።

ፑኮውን እያገላበጥን ሳለን ነው ነገሩ የተነሣው። «ለመሆኑ» አልነው፤ «የእኛ አገር ፑኮ የትኛው ነው?» ጊሌው የጦር ሰው ነው፤ ጎራዴውም የሹም። ሰንጢ ስለሚታጠፍ ከዚህ ጉባኤ አይገባም። ለሥራ ብቻ የተፈጠረ፣ የማይታጠፍ፣ ከባለቤቱ ወገብ የማይለይ ትንሽ ስለት ማን ይዟል? ብዙ ካሰብን በኋላ መልሱ ተገኘ፤ ጸሐፊው ነው። ብራና ላይ የሚጽፍ ሰው ያለ ካራ አንድ ፊደል አይጥልም።

በዚህ ምክንያት ትምህርታችንን በጨረስንበት ዓመት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ከደብረ ታቦር ተነሥተን በጉና ተራራ እግር አልፈን ወደ ጋይንት ወረድን። ያሰብነው ቤተ ልሔም ለመድረስ ነው። ቤተ ልሔም በኢትዮጵያ የድጓ ትምህርት የሚመሰከርባት ቦታ መሆኗን ለአንባቢያችን መንገር ላያስፈልግ ይችላል። በየአገሩ ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመባል እዚህ መጥቶ ይፈተናል፤ በቤተ ልሔም ያልታረመ ድጓ ያልተጠረበ እንጨት እንደ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ራሱ ጉደኛ ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት በበቅሎ እዚህ ደርሶ ነበር። ከውጭ ሲያዩት እንደ ሌላው ደብር ክብ ነው፤ ውስጡ ግን አራት ማዕዘን የሆነ የጥንት የድንጋይ ሕንፃ ተደብቋል። ፓከንሃምም ይህንኑ በመጽሐፉ ለዓለም አስታወቀ።

ስለ ካራው ሥራ ጥቂት እንበል። ብርዕ የሚባለው ከመቃ ወይም ከሸምበቆ የሚቀረጽ ነው። ጫፉ በሰያፍ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ ቀለሙ እንዲወርድበት መካከሉ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በጥቂቱ ቢዘም ፊደሉ ይንሻፈፋል። መቃው ሲጽፉበት ስለሚደነዝ ጸሐፊው በቀን ብዙ ጊዜ ይቀርጸዋል። ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነም በላጲስ አይጠፋም፤ ቀለሙ ከብራናው ላይ በካራው ይፋቃል። ቆዳው እንዳይቀደድ ደግሞ ስለቱ ምላጭ፣ ሆዱ ግን በትንሹ የጎበጠ መሆን አለበት። እንግዲህ አንድ ካራ እንደ መርፌ የሰላ እንደ ማንኪያም የለዘበ እንዲሆን ይጠየቃል ማለት ነው። ከጎራዴ ይልቅ እሱን መሥራት የሚከብደው ለዚህ ይመስለናል።

ከደብሩ ዙሪያ ካሉት የተማሪ ጎጆዎች ባንደኛው ደበሎ የለበሰ አንድ ተማሪ አገኘን። ድጓውን በገዛ እጁ እየጻፈ ነው፤ ሲሶው ገና ይቀረዋል። ቀለሙን በቀንድ አድርጎ ቀንዱን መሬት ላይ ተክሎታል። ካራውን ሲያሳየን ወዳጃችን ትንፋሹን ያዘ። ስለቱ ከመሳሉ ብዛት አልቆ እንደ ሣር ቅጠል ቀጥኗል፤ እጀታው የወይራ ሆኖ የአውራ ጣት ጉድጓድ ወጥቶለታል። ከእሱ በፊት ሁለት ጸሐፊዎች ሠርተውበታል አለን።

«ይሸጣል?» አለ ወዳጃችን።

ተማሪው ዝም ብሎ ቆየ። በመጨረሻ «ስምንት መቶ ብር ብትሰጡኝ እሸጠዋለሁ» አለ። ብራና አልቆበታል፤ ፍየል ገዝቶ ቆዳ ለማስፋቅ ገንዘብ የለውም። ወዳጃችን እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

እዚህ ላይ ተጣላን። ወዳጃችን «በዚህ ገንዘብ አዲስ ካራም ብራናም ይገዛል፤ ምን በደልኩት?» ይላል። እኛ ደግሞ «ይህን ካራ ዛሬ ከግድግዳህ ብትሰቅለው ነገ መጽሐፉ ይቆማል» እንላለን። እውነቱን ለመናገር ከሁለታችን ማን ትክክል እንደ ነበረ ዛሬም አንጨቃጨቅም ማለት አንችልም። ነገሩን የቆረጡት በአጠገባችን የተቀመጡት የኔታ ናቸው። ጭቅጭቁን ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ ካራውስ ይሂድ፤ ነገ ጧት ብርዑን በምን ሊቀርጽ ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ አንድ ስምምነት አደረግን። ከዚያው አገር ቀጥቃጭ ዘንድ ሄደን አዲስ ካራ እናሠራለን፤ ተማሪው ይፈትነዋል፤ ከአሮጌው የተሻለ ሆኖ ካገኘው ይለዋወጣሉ፤ ካልሆነ ወዳጃችን አዲሱን ይዞ ይመለሳል። ስለ ዳኝነቱም ለተማሪው ስምንት መቶው ብር ይከፈለዋል።

ቀጥቃጩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጎጆአቸው ከመንደሩ ራቅ ብላ ለብቻዋ ቆማለች። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው ቡዳ ነው እያለ ሲሸሸው ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ሲያልፍ ጎጆዋ ግን ወደ መንደሩ አልቀረበችም። በጎንደር አገር ከቀጥቃጮቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ መዶሻው ቀርቶ እጁ ሄደ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀልጡበት የነበረው አገር ዛሬ ቢላውን ከሱቅ ይገዛል።

ሽማግሌው ብረቱን ከመኪና ባሌስትራ ቆረጡ። ይህ ምርጫ ለሚሰበስብም ሆነ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ትምህርት ነው። ባሌስትራ በመቶ ስድስት ዐሥረኛ ያህል ካርቦን ስላለበት ግሎ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ የቤት ብረት ዘንግ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለ ሆነ የፈለገውን ያህል ቢሳል ቶሎ ይዶለዱማል። ልጃቸው ወናፉን እየነፋ እሳቸው በመስፉ ላይ ቀጥቅጠው ካቀጠኑት በኋላ ብረቱ እንደ ፍም ሲቀላ ስለቱን ብቻ ውኃ አስነኩት። ሁሉም ቢገባ ይሰነጠቃል አሉን። ቀጥለው የሠሩት ግን ይበልጥ አስደነቀን። ስለቱን በድንጋይ አሸት አድርገው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁ። በጀርባው የቀረው ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ስለቱ ተመለሰ፤ ብረቱ የገለባ ቀለም ሲይዝ ወዲያው እንደ ገና ነከሩት። እኛ ይህን በመጽሐፍ ያነበብነው ከሙቀት መለኪያ ጋር ነው።

የሚመርጥ ሰው ምን እንደሚያይ ከሽማግሌው የተማርነው ይህ ነው። ሞረድ በስለቱ ላይ ሲያሳልፉት የሚንሸራተት ከሆነ ብረቱ ጠንክሯል፤ የሚነክስ ከሆነ ለስላሳ ነው። ጀርባውን ወደ ዓይን አቅርበው በአንድ ዓይን ሲያዩት እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ማለት አለበት። ከሁሉ በላይ ግን የማይታየውን መጠየቅ ነው፤ እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ እስከ ምን ድረስ ይዘልቃል? አጭር ከሆነ ካራው አንድ ቀን ከእጀታው ይነቀላል። ሻጮች የሚያስጌጡት እጀታውን ነው፤ ገዥም የሚታለለው በሱ ነው። እንደ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ውስጡን ማየት ይሻላል።

ስለ አያያዙም ወዳጃችን በኪሳራ የተማረው አለ። ስለትን በቆዳ አፎት ውስጥ ከትቶ ማኖር ያዝገዋል፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛልና። የኑግ ዘይት መቀባትም አይሆንም፤ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የስፌት መኪና ዘይት ግን ጥሩ ነው። አሮጌ ብረት ያወጣውን ጥቁር መልክ በአሸዋ ፈግፍጎ ማስለቀቅ ደግሞ ዕድሜውን መላጨት ነው። የጥንት ሰይፍና የመሳሰለው ቅርስ ያጋጠመው ሰው በ1992 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 209 ያንብብ፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ያስቀጣል። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የተጋዘው እስከ ዛሬ አላለቀልንም።

በማግስቱ ካራውን ለተማሪው ሰጠነው። መቃውን ቆረጠበት፤ ቆረጣው መልካም ነው። ሲሰነጥቅበት ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ጀርባው ወፍሮ መቃውን ይፈለቅቀዋል። ወደ ሽማግሌው ተመልሰን አሳሳነው። ሁለተኛ ሞከረው፤ ስንጥቁ እንደ ፀጉር ወጣ። ከዚያም አንድ የተበላሸ ፊደል ፋቀበት። ጥቂት አሰበና አሮጌውን ካራውን አንሥቶ አፎቱ ውስጥ ከተተ።

«ይኸ ደኅና ነው» አለን አዲሱን እየመለሰ፤ «ግን ሃያ ዓመት ይቀረዋል።»

ወዳጃችን ስምንት መቶውን ብር ቆጥሮ ሰጠው። ፊቱ እንደ ማዘንም እንደ መቅለልም ብሎት ነበር።

ከመመለሳችን በፊት ወደ ቀጥቃጩ ጎጆ ሄድን። ወዳጃችን ለእያንዳንዱ ስለት በደብተር አንድ ገጽ ይሰጣል፤ የተገኘበትን ቦታ፣ ብረቱን፣ እጀታውን፣ ዋጋውን ይጽፋል። በጎራዴው ገጽ የዞሊንገን ማኅተም ተመዝግቧል፤ በጊሌው ገጽ «ሠሪው» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። «አባቴ፣ ስምዎን ይንገሩን» አላቸው።

ሽማግሌው ደነገጡ። «ስሜ ምን ያደርግላችኋል? የተሰበረ እንደ ሆነ ልትከሱኝ ነው?» አሉ። ነገሩን አስረዳናቸው። ማረሻ ሲያስመታ የኖረው አገር ሁሉ ስማቸውን የሚጠራው ለሥራ እንጂ ለመጻፍ አልነበረም። ቆይተው ነገሩን፤ ወዳጃችንም ጻፈ። ከዚያ ማንበብ ስለማይችሉ በአራተኛ ክፍል የሚማር የልጅ ልጃቸውን ጠርተው «አንብብ እስቲ» አሉት። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበ። ሽማግሌው ጆሮአቸውን ጣል አድርገው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የአባቴን ስም ጨምርበት፤ ያስተማረኝ እሱ ነው» አሉ። ወዳጃችን መስመሩን ሰርዞ እንደ ገና ጻፈ።