ያውቁ ኖሯል? ከምርመራ የሚያመልጠው ስውር ሄፓታይተስ ቢ

ፍራንክፈርት የሚገኘው የጀርመን ቀይ መስቀል ደም ባንክ የለጋሾችን ደም በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልግ ምርመራ) መመርመር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እስከ 96 ከሚደርሱ ለጋሾች ናሙና ጥቂት ጥቂት ተቀድቶ በአንድነት ይደባለቃል፤ ድብልቁ ቫይረስ ካሳየ ወደየናሙናው ተመልሰው ባለቤቱን ይለያሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የተለመደው ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን የውጭ ፕሮቲን ነው። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ፕሮቲኑ ከደም ይጠፋና ቫይረሱ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ይቀራል። የውጤት ወረቀቱ «ነጌቲቭ» ይላል፤ ቫይረሱ ግን አለ።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ በኢትዮጵያ በስፋት ይገኛል፤ የሕፃናት ክትባቱ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን ሳንከተብ አድገናል። በጀርመን ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ዕድሜው 35 የሞላ የመንግሥት ጤና መድን አባል አንድ ጊዜ በነፃ ይመረመራል፤ እዚያ የሚኖሩ ከሆነ ይህን ዕድል አያሳልፉት። ያም ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው ያው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ኬሞቴራፒ ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ሊጀምሩ ሲሉ «አንቲ ኤችቢሲም (ቫይረሱ ከዚህ ቀደም ይዞ እንደነበር የሚያሳየው ፀረ እንግዳ አካል) ይታይልኝ» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ያደፈጠው ቫይረስ ሊነቃ የሚችለው ያኔ ነው።

በሄፓታይተስ ቢ የታመመ ዘመድ ካለዎት ከገበታ አያርቁት። ቫይረሱ በጉርሻ አይተላለፍም፤ ምላጭ መዋዋስ ግን ያስተላልፋል።