ኔፔንቴስ፦ ሐዘን ያስረሳል የተባለው መድኃኒት

የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ ጭሮም (አሰበ ተፈሪ) ሒርናም ገለምሶም፣ ገበያቸው የሚደምቀው በቡናና በጫት ነው። የውጭ ጸሐፍት ሁለቱንም ተክሎች የአንድ ጥንታዊ የግሪክ ቃል ፍቺ አድርገው የጠረጠሩበት ጊዜ ነበር። ቃሉ «ኔፔንቴስ» ይባላል፤ «ኔ» አፍራሽ ነው፣ «ፔንቶስ» ሐዘን።

ቃሉን ያስታወቀው ሆሜር ነው። በኦዲሲ አራተኛ መጽሐፍ፣ በስፓርታው ንጉሥ በሜኔላዎስ ቤት እንግዶች የጠፋውን ኦዲሴዎስንና በትሮይ የወደቁትን እያነሡ ያለቅሳሉ። ይህን ያየችው ሄለን የወይን ጠጁ ላይ መድኃኒት ትጨምርበታለች። ያን የቀመሰ ሰው እናት አባቱ ቢሞቱ፣ ወንድሙ ወይም ልጁ ዓይኑ እያየ ቢገደል እንኳ ቀኑን ሙሉ እንባ አይወጣውም። መድኃኒቱን ለሄለን የሰጠቻት ፖሊዳምና የምትባል የግብፅ ሴት ናት።

ከግብፅ መጣ መባሉ ብዙ ሰው አመራምሯል። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቁስጥንጥንያ ላይ ቡና የቀመሰው ጣሊያናዊ ተጓዥ ፒዬትሮ ዴላ ቫሌ፣ ኔፔንቴስ ከወይን ጋር የተቀላቀለ ቡና ሳይሆን አይቀርም አለ።

ሐረርጌ ልቅሶ የደረሰ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቅ ነበር! እዚያ ቡና የሚፈላው ለቀስተኛው ቁጭ ብሎ ሟቹን እንዲያነሣሣ ነው። ገለባውን ከወተት ጋር አፍልቶ «ሆጃ» የሚጠጣውም ሰው ሊረሳ ብሎ አይደለም። ታሪኩም ቢሆን ዴላ ቫሌን አይደግፍም፤ ቡና መጠጣትን የሚናገረው አስተማማኝ ማስረጃ የሚጀምረው በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ለሌሊት ጸሎት መንቂያ ከጠጡት የየመን ሱፊዎች ነው።

ጫትም ያው ነው። ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገሩ ካቲኖን በ1975 እ.ኤ.አ. ተለይቷል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ስለሚቀንስ ነጋዴው ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ መኪናውን ያስከንፋል። በርጫ ላይ የመረቀነ ሰው ወሬው ይበዛል እንጂ ሐዘኑ አይጠፋም፤ ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ ድብርት ይከተላል። ስለ ጫት ጥንታዊነት ከሆሜር ይልቅ የሚታመነው የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው፤ የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ መፎከሩን በ14ኛው መቶ ዘመን ጽፎታል።

ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት የሄለን መድኃኒት ኦፒየም ነበር ይላሉ። ቃሉን ግን ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1737 እ.ኤ.አ. ለሌላ ተክል ሰጠው፤ ያገኘው ተመራማሪ ከደስታው የተነሣ የመንገዱን ድካም ይረሳል ብሎ። ተክሉ በማሰሮ መሳይ ቅጠሉ ነፍሳትን አጥምዶ የሚበላ ነው።